ከሰማንያ እንዳይበልጥ

ይህ የሆነ ነገር ነው። እኔም ከማመኔ በፊት ጠይቄያለሁ፣ አጣርቻለሁ። አንዱን ክፍል ደግሞ በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ።

የሆነው በጨለማ አይደለም። ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ፣ ባለፈው ዓመት መጋቢት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ቆርቆሮ በፀሐይ በሚንጫጫበት፣ ውሻ እንኳ ጥላ ፈልጎ በሚጋደምበት ሰዓት...

የደረሰባት ሰሚሐ ትባላለች። እኔ ካርድ ክፍል በምሠራበት ክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ብዙ የማታወራ፣ ቀልድ የማይሆንላት ልጅ ናት።

«ከፈለግህ ጻፈው» አለችኝ። «ስሜንም አትቀይረው። ግን ያላየሁትን አትጨምርብኝ።»

አልጨመርሁም።

ሰሚሐ ከእናቷ ከወይዘሮ መዲና ጋር ነው የምትኖረው። አባቷ ከሞቱ ቆይተዋል። ቤታቸው ከሐይቁ ዳር የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው።

ታላቅ ወንድሟ አኒስ፣ ሀብተ ሥላሴ ከሚባል የደቅ ደሴት ልጅ ጋር በሞተር ጀልባ ይሠራ ነበር። ሰውና ዕቃ ያመላልሳሉ።

ከዚያ መጋቢት በፊት በነበረው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ከደቅ ሲመለሱ ማዕበል ያዛቸው። ጀልባዋ ተገለበጠች። ሀብተ ሥላሴን ዓሣ አጥማጆች ደርሰው አወጡት።

አኒስ አልተገኘም።

አሥራ አንድ ቀን ተፈለገ። በመጨረሻ ሬሳው በሌለበት የቀብር ስግደቱ፣ ሰላተል ጀናዛ፣ ተሰገደበት።

ከአኒስ የቀረ አንድ ነፍስ ያለው ነገር ግን ቤት ውስጥ ነበር... አርጃኖ፣ ያ የውኃ ዳር ትልቅ እንሽላሊት።

አኒስ ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት ሐይቁ ዳር ደንገሉ ውስጥ ነው ያገኘው። ያኔ ከስክሪብቶ ብዙም አይበልጥም ነበር። አምጥቶ ክፍሉ ውስጥ አሳደገው። ስሙንም ካፒቴን አለው። ኋላ ግን ከነጅራቱ ከአንድ ክንድ አልፎ ነበር።

ቤቱን የሠራለት ከአባታቸው የጨርቅ ሱቅ ከቀረ የመስታወት ሣጥን ነው። ከታች አፈርና የረገፈ ቅጠል፣ ጥግ ላይ የውኃ ሳህን፣ ከላይ የሚያሞቅ አምፖል። ውስጡ እንዳይደርቅ የክዳኑን ግማሽ በላስቲክ ሸፍኖታል። ከጫጩት መፈልፈያ ማሽን የነቀላትን የእርጥበት መለኪያ ደግሞ ከውስጥ ለጥፎበታል። ትንሽ ናት፣ ቁጥር ብቻ ነው የምታሳይ።

ከጎኑ ካርቶን ላይ በእጁ የጻፈው ማስታወሻ አለ።

«ከስልሳ እንዳይወርድ። ከሰማንያ እንዳይበልጥ። ጠዋትና ማታ ርጩ። ቆዳውን ሲቀይር ጣቶቹን እዩ።»

እርጥበቱ ካነሰ አሮጌው ቆዳ ጣቱ ላይ ተጣብቆ ይቀርና እንደ ክር ያንቀዋል፤ ጣቱ ይሞታል። ከበዛ ደግሞ ሻጋታ ይመጣል። ከሻጋታው ቀጥሎ የሳንባ በሽታ።

ሰሚሐ አርጃኖ ትወድ ስለነበር አይደለም የምትንከባከበው። እናቷ ስለለመኗት ነው።

«ይቺን ብቻ አትግደይብኝ» ብለው ነበር። «የልጄ እጅ ያረፈባት ነፍስ ናት።»

ወይዘሮ መዲና ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ፍራሻቸውን ወደ አኒስ ክፍል አዛወሩ። አስም አለባቸው። ሰሚሐ አይሆንም ብላ ተከራከረች፤ አልሰሟትም።

እስከ ጥር ድረስ ምንም አልነበረም።

ጥር ላይ አየሩ ደረቀ። ጠዋት ረጭታ ሰባ ሁለት አድርሳው ትወጣለች። ለምሳ ስትመጣ አርባ አንድ ወርዶ ታገኘዋለች። ደግማ ረጭታ ትሄዳለች።

አንድ ቀን ለምሳ አልተመለሰችም። ሥራ በዝቶባት ነበር። ማታ በጣም ወርዶ አገኘዋለሁ ብላ ስትገባ፣ መለኪያዋ ሰማንያ አራት ትላለች።

«እማ፣ ዛሬ አንቺ ረጨሽለት እንዴ?»

«እኔ ውኃ አልነካሁም።»

«ሰማንያ አራት ገብቷል እኮ።»

እናቷ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አዞሩ።

ሰሚሐ እናቷ ደብቀዋት የሚረጩ መሰላት። በማግስቱ መርጫዋን በቦርሳዋ ይዛ ሥራ ሄደች። የውኃውንም ጀሪካን ኩሽና ቆለፈችበት።

ማታ ስትመለስ... ሰማንያ ስድስት።

መርጫዋ ቦርሳዋ ውስጥ ናት። ኩሽናው እንደተቆለፈ ነው።

ክፍሉ ደግሞ ይሸታል። የቧንቧ ውኃ ሽታ አይደለም። የደንገል፣ የጭቃ፣ የጥልቅ ውኃ ሽታ። ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ያንን ሽታ አይስተውም።

ከዚያ በኋላ አርጃኖውን ማስተዋል ጀመረች።

አርጃኖ ሙቀት ይወዳል። ቀኑን ሙሉ አምፖሉ ሥር ተዘርግቶ መዋል ነበረበት። ይሄኛው ግን አምፖሉን ትቷል። ከኋላ በኩል ጥጉ ውስጥ ገብቶ፣ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ ጀርባውን ለክፍሉ ሰጥቶ ነው የሚውል።

እንቁላል ሰጠችው። አልነካም።

ትንንሽ ዓሣ አመጣችለት። ዓሣውን ሲያይ ወደ ኋላ ሸሸ።

የካቲት ላይ ቆዳውን መቀየር ጀመረ። የአርጃኖ ቆዳ እንደ እባብ በአንድ ጊዜ አይወልቅም፤ እየተቆራረሰ ነው የሚወድቅ። ሰሚሐ ቁርጥራጩን ከሳህኑ ውስጥ በመቆንጠጫ ትለቅማለች። ወረቀት የመሰለ፣ ደቃቅ ዶቃ የተሰፋበት የሚመስል ነገር ነው።

አንዱ ግን ዶቃ የለበትም።

ለስላሳ ነው። ነጭ ነው። የተጨማደደ ነው።

በማግስቱ በጠርሙስ ይዛው ክሊኒክ መጣች። ረፋዱ ላይ ሰው ቀለል ሲል ካርድ ክፍል ድረስ መጥታ ጠራችኝ።

«ና ይህን እይልኝ» አለች በሹክሹክታ። «የት አገኘሽው ብለህ ግን አትጠይቀኝ።»

ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አልሁ።

ቀጫጭን መስመሮች ጎን ለጎን ሄደው ሄደው... መሐል ላይ ይጠመዘዛሉ። መታወቂያ ስናወጣ ወረቀት ላይ የምንተወው ዓይነት።

«የሰው ነው» አልኋት።

«አዎ።»

«የእጅ ነው የእግር?»

«አላወቅሁም።» ጠርሙሱን ከደነችው። «ብቻ ብዙ ጊዜ ውኃ ውስጥ የቆየ ነው።»

ቆዳው ያረፈባትን ትንሽ መስታወት ቆሻሻው ውስጥ ጣለችና እጇን ታጠበች። ደጋግማ ታጠበች። እኔም ሳልጠይቃት ወጣሁ። ያን ቀን ባለመጠየቄ እስካሁን ይቆጨኛል።

መጋቢት ሲገባ የወይዘሮ መዲና ትንፋሽ ባሰበት። ሌሊት ሌሊት የሚያፏጭ ደረት፣ ቀን ቀን ሳል። የሚስቡት ፓፍ አላግዝ አለ። የክሊኒካችን ሐኪም መርምሮ ሲጨርስ ሰሚሐን ለብቻዋ ጠራት።

«የሚተኙበት ክፍል እርጥበት አለው?»

«አለው።»

«ዛሬ ነገ ሳትይ አውጫቸው። እንዲህ ከቀጠሉ ሳንባቸው አይችልም።»

ቤት ሄዳ ፍራሹን ስታነሣ የግድግዳው ሥር ጥቁር ሻጋታ ለብሷል። ፍራሹ ራሱ ረጥቧል። ደጅ ያለው መሬት በፀሐይ ተሰነጣጥቆ፣ ቤት ውስጥ ያለው ፍራሽ ይጨመቃል።

«እማ፣ ከዚህ ክፍል ትወጫለሽ።»

«አልወጣም።»

«ሐኪሙ የነገረኝን ልንገርሽ?»

«የነገረሽን አውቀዋለሁ።» ወይዘሮ መዲና ትንፋሽ እስኪያገኙ ጠበቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኮ ይመጣል።»

«ማን?»

«አሱር አዛን ሲል ይሄዳል። አንቺ ሥራ ነሽ። አታይውም።»

ሰሚሐ እናቷ በሐዘን ብዛት አእምሯቸው የደከመ መሰላት። ጎረቤታቸውን የሺአረግን ጠርታ ስለ ጠበል ያማከረችው፣ ሙስሊም ሆና፣ ያን ቀን ነው። ጭንቅ ሃይማኖት አይመርጥም አለችኝ ስታጫውተኝ።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ በስድስት ሰዓት ቤት ገባች።

መስኮቱን ዘጋች። መርጫዋን ከደጅ አስቀመጠች። የውኃ ሳህኑንም ከሣጥኑ አወጣችው። ከዚያ ከሣጥኑ ማዶ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እናቷ ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ፍራሻቸው ላይ ናቸው፤ ከመስታወቱ በአምስት ስድስት እርምጃ ርቀው።

ስምንት ሰዓት... ሠላሳ ስምንት።

ስምንት ሰዓት ተኩል... ሠላሳ ሰባት።

አርጃኖው ጥጉ ውስጥ ነው። አይንቀሳቀስም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

አርባ አንድ።

አርባ ሰባት።

ሰሚሐ ዓይኗን ጠራረገች። ኮርኒሱን አየች፣ አይንጠባጠብም። ወለሉን አየች፣ ደረቅ ነው።

ሃምሳ ዘጠኝ።

ሽታው መጣ።

አርጃኖው ዓይኑን ጨፈነ። እንደሚያንቀላፋ አይደለም። ሕፃን ልጅ ፈርቶ ዓይኑን እንደሚጨፍን፣ ጭምቅ አድርጎ።

ሰባ ሦስት። ሰማንያ ሁለት።

መስታወቱ በእንፋሎት ደበዘዘ። ክዳኑን ገለጥ አድርጋ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደችና በሻርፕዋ ጫፍ ልትጠርገው ሞከረች። አልጠራም።

ደግማ ጠረገችው። አልጠራም።

ያኔ ገባት።

እንፋሎቱ ያለው ከውስጥ አይደለም። ከውጭ ነው... በክፍሉ በኩል።

ቦታው ደግሞ ሰፊ አይደለም። ሳህን የሚያህል ክብ ነው። ሰው ተንበርክኮ ፊቱን ወደ መስታወቱ ቢያስጠጋ አፉ የሚደርስበት ከፍታ ላይ።

ክቡ ይሰፋል... ይጠባል።

ይሰፋል... ይጠባል።

እናቷ ከፍራሻቸው ሆነው ፈገግ ብለዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም።

ሰሚሐ ከበርጩማዋ ተነሣች። ግድግዳውን በእጇ እየተደገፈች ነው ደጅ የወጣችው። ፀሐይ ላይ ቆማ ጥርሷ ይንገጫገጫል። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ለአሱር ሶላት አዛን እስኪል፣ አልገባችም። ሲል ገባች። ሽታው የለም። መስታወቱ ጠርቷል። እናቷ እያለቀሱ ያስላሉ።

የዚያን ዕለት ማታ ለሀብተ ሥላሴ ደወለች። ከነሐሴ ወዲህ ቤታቸው ደርሶ አያውቅም።

«አርጃኖውን ወደ ሐይቁ መመለስ እፈልጋለሁ» አለችው። «ብቻዬን አልችልም።»

«እመጣለሁ» አላት። «የውኃ እንስሳ ነው። ውኃው ይውሰደው።»

በማግስቱ በስምንት ሰዓት ነበር የተቀጣጠሩት። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል መጣ። በሩን አልፎ አልገባም።

«ወንድሜ የሚተኛበት ክፍል ነው። እግሬ እምቢ አለኝ። አንቺ አውጪው፣ እኔ እዚህ እቀበልሻለሁ።»

እናቷ መድኃኒት ወስደው ሸለብ አድርጓቸዋል። ሰሚሐ ቁጥሩን ላለማየት ፊቷን አዙራ ክዳኑን አነሣች። አርጃኖው ይነክሰኛል ብላ ፈርታ ነበር። አልነከሳትም። በእጇ ሽቅብ ወጥቶ፣ ጥፍሩን ሻርፕዋ ውስጥ ሰክቶ፣ አንገቷ ሥር ተሸጎጠ።

ልቡ ይመታል። ይሰማታል።

ስትወጣ ሽታው ክፍሉን ሞልቶት ነበር። ዞር ብላ አላየችም።

አርጃኖውን ቅርጫት ውስጥ ከተው በጆንያ ሸፈኑትና ወደ ሐይቁ ዳር ወረዱ። ሀብተ ሥላሴ የመረጠው ደንገሉ አጠገብ ያለ ድንጋያማ ቦታ ነው። አኒስ ያገኘውም እዚያው አካባቢ ነበር። ቅርጫቱን ከውኃው በሁለት እርምጃ ላይ አጋደሙት።

ካፒቴን ወጣ። ምላሱን ሰደድ መለስ አደረገ። ወደ ውኃው ጥቂት ሄደ...

ቆመ።

አንድ ስንዝር ሲቀረው ዞረ። በሀብተ ሥላሴ እግር ላይ ሮጦ አልፎ ወደ ቁጥቋጦው፣ ወደ ዳገቱ ሸሸ።

«እንዴ» አለ ሀብተ ሥላሴ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ድንጋዮቹን አሳያት። ሌሎች አርጃኖዎች አሉ። ትልልቆች፣ አሮጌዎች፣ ፀሐይ የሚሞቁ። ስድስት ሰባት ይሆናሉ።

«እነዚህ ሰው ሲያዩ ወደ ውኃ ነው ዘለው የሚገቡት» አላት። «እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው እንደዚያ ነው።»

ጠጠር አንሥቶ ወረወረ።

ሁሉም ሸሹ። አንዱም ግን ወደ ውኃ አልገባም። በእነሱ መሐል አልፈው፣ በእግራቸው ሥር፣ ወደ መሬት ነው የሮጡት።

ሀብተ ሥላሴ አማተበ።

የሰሚሐ ስልክ ጠራ። የሺአረግ ናት።

«እናትሽ በባዶ እግራቸው ወጡ። ብጠራቸው አይሰሙኝም። ወደ ሐይቁ በኩል ነው የሄዱት።»

«ብቻቸውን?»

«ሲያወሩ ነበር» አለች የሺአረግ።

ዳሩን ተከትለው ሮጡ። የአሮጌ ጀልባዎች መጎተቻው ጋ ሲደርሱ አዩዋቸው። ወይዘሮ መዲና ውኃ ውስጥ ናቸው። ውኃው ወገባቸውን አልፏል። ሻርፓቸው ከኋላቸው ውኃው ላይ ተዘርግቶ ይከተላቸዋል።

የሚሄዱት ቀስ ብለው ነው። ደረጃ እንደሚወርድ ሰው።

«እማ!»

አልዞሩም።

ሲጠጉ ድምፃቸው ተሰማ። የዕለት ተዕለት ድምፃቸው ነው፤ ገበያ ሲሄዱ ለልጆቻቸው የሚያወሩበት።

«ቀስ በል... እግሬ አይችልህም።»

ሀብተ ሥላሴ ከነልብሱ ገባ። እሱ ወገባቸውን ያዘ፣ ሰሚሐ ግራ ክንዳቸውን። ውኃው የወይዘሮ መዲናን ትከሻ ደርሶ ነበር። ቀኝ ክንዳቸው ከፊታቸው፣ ወደ ጥልቁ በኩል፣ ከውኃው ሥር ተዘርግቷል።

ጎተቷቸው።

አልመጡም።

ወይዘሮ መዲና በሕመም ያለቁ ሴት ናቸው፤ ሰሚሐ ብቻዋን አንሥታ ታስተኛቸዋለች። ሀብተ ሥላሴ ደግሞ ጀልባ ለብቻው ገፍቶ ውኃ ላይ የሚያወጣ ሰው ነው። ሁለቱ ሲጎትቱ ግን አንድ እርምጃ እንኳ አልተነቃነቁም። ጭቃ ይዟቸው እንደሁ ብሎ ሀብተ ሥላሴ በእግሩ ዳሰሰ። ሥሩ አሸዋ ነው።

«እትዬ መዲና፣ ይልቀቁ» አላቸው። «በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ይልቀቁ።»

«እኔ አልያዝሁም» አሉት። ረጋ ብለው።

ውኃው አገጫቸውን ነካ።

ሰሚሐ የሚጸለየው ሁሉ ጠፋባት። ከአፏ የወጣው የወንድሟ ስም ነው።

«አኒስ» አለች። «እሷን ተዋት። እኔ ብቻዬን ነው የምቀር።»

ያኔ ከከተማው አዛን ተሰማ። የመጀመሪያው መስጊድ ጀመረ፣ ሌላው ተቀበለ።

ሦስቱም ወደ ኋላ ወደቁ።

ተደጋግፈው ወጡ። ወይዘሮ መዲና ዳሩ ላይ ተኝተው ውኃ አስመለሱ፣ ከዚያ ተነፈሱ። ሰው ተሰበሰበ። ባጃጅ ተጠራ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሰሚሐ ሳምንት ሳይሞላ እናቷን ወረታ፣ እህታቸው ዘንድ ወሰደቻቸው። ከሐይቁ ራቅ ይላል፤ ደረቅ ቤት ነው። ትንፋሻቸው ተመልሷል። ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል ተናግረው አያውቁም። ሀብተ ሥላሴ ጀልባዋን ሸጦ ሐሙሲት ላይ ጎማ ይጠግናል። ክፍሉ ተቀብቶ ተከራይቷል፤ ተከራዮቹ አልከፋቸውም።

ይህን ሁሉ ካጫወተችኝ በኋላ ሰሚሐ ልትሄድ ተነሣች። በሩ ጋ ቆማ ተመለሰች።

ለሀብተ ሥላሴም ያልነገረችው አንድ ነገር አለ።

ዳሩ ላይ ሆነው ባጃጁን ሲጠብቁ፣ እናቷን እንዳይበርዳቸው ልታሻሻቸው ጎንበስ ብላ ነበር። ፀጉራቸው ይንጠባጠባል። እጅጌያቸው ይንጠባጠባል። ከቀሚሳቸው የሚወርደው ውኃ አሸዋውን አርሶታል።

ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አነሣች።

መዳፋቸው ደረቅ ነበር።

ከቤት ሲወጡ ግድግዳ የተደገፉበት ኖራ ሳይቀር አለበት፣ ነጭ ሆኖ።

እጁን ገለበጠችው። ከላይ በኩል ቆዳው ረጥቦ ያበራል...

ከአራት ቦታ በስተቀር። አራት ደረቅ መስመሮች፣ ጎን ለጎን፣ በእጃቸው ጀርባ ላይ ተጋድመው።